ከገበጣው የጎደለችው ጠጠር

በቤቴ ተቀምጠው የሚጫወቱት ጨዋታ አልነበረም። ኳስ ማለቴ አይደለም፤ ልጅ መሮጥ አለበት። ሰሌዳ ተዘርግቶ፣ ጠጠር ተደርድሮ የሚጫወቱትን ማለቴ ነው። ምክንያቴ ወሎ ሰፈር ነው። በወጣትነቴ እዚያ አንድ ጋራዥ ውስጥ ስሠራ፣ ከአጥሩ ሥር ቀኑን ሙሉ ዳማ የሚጫወቱ ሰዎች ነበሩ። ሰሌዳቸው የካርቶን ቁራጭ፣ ጠጠራቸው የለስላሳ ቆርኪ ነው፤ የአንደኛው ቆርኪ የተደፋ፣ የሌላኛው የተንጋለለ። «ብላ እንጂ፣ ምን ታፈጣለህ? ከፈለግህ ሚስትህን አማክረህ ና» እየተባባሉ ጠዋት የጀመሩትን ሲመሽ ያነሡታል። ከመካከላቸው ከእኔ የሰላ ጭንቅላት ያላቸው ነበሩ። ያ ጭንቅላት የት እንዳደረሳቸው አይቻለሁ። ልጅ ስወልድ ይህን ነገር በደጄ አላሳልፍም ብዬ የወሰንኩት ያኔ ነው።

ትምህርት ቤት ብዙ አልቆየሁም። የማውቀውን ያወቅሁት ያገለገሉ መጻሕፍት እየገዛሁ፣ ያልገባኝን ገጽ እስኪገባኝ እየደጋገምኩ ነው። ዛሬ ገርጂ ውስጥ ትንሽ የአልሙኒየም ሥራ ቤት አለኝ። በርና መስኮት እንሠራለን፤ አብዛኛውን የምንገጥመው ለሚ ኩራ ውስጥ በሚነሡት አዳዲስ ሕንፃዎች ላይ ነው። በዚህ ሥራ ቁጥር ይሉኝታ አያውቅም። በልኩ ያልተቆረጠ አልሙኒየም ብትለምነውም ብትቆጣውም መስኮቱ ላይ አይገባም። ሜትር ከወገቤ አይለይም፤ ከሰውም ይልቅ እሱን አምናለሁ። ስለዚህ ትንሿ ልጄ ቁጥር ላይ ስትደናቀፍ ነገሩን በቀላሉ አላየሁትም።

ልጅቷ ዩኬጂ ነበረች። በመስከረም አንደኛ ክፍል ትገባለች ብለን እንጠብቃለን። ከፋሲካ በፊት መምህሯ አስጠራችኝ። ወጣት ናት፤ ልጆቹ «ሚስ» ይሏታል። ጉልበቴ አገጬን ሊነካ በሚደርስበት የልጆች ወንበር ላይ አስቀመጠችኝ።

«መጻፍ ላይ ችግር የለባትም» አለችኝ። «ችግሯ ኦራል ላይ ነው። ቁጥር ስጠይቃት ዝም ትላለች። የምታውቀውንም አትናገርም።»

«አፍራ ይሆን?»

«አይመስለኝም። ተረት ንገሪን ስንላት ማን ያስቆማታል። ቁጥር ላይ ብቻ ነው። ሰኔ መጨረሻ ላይ አንድ በአንድ እያስገባን በቃል እንጠይቃቸዋለን። ካልመለሰች ዩኬጂን ትደግማለች። እኔ እንድትደግም አልፈልግም፤ ጓደኞቿ አልፈዋት ሲሄዱ የበለጠ ትዘጋለች።» ከዚያም «ቤት ውስጥ የሚያስጠናት ማነው?» አለች።

«እኔ ነኝ።»

ሌላ ነገር አልጠየቀችኝም።

የማስጠናት በራሴ መንገድ ነው። እራት ከተበላ በኋላ ከፊቴ ትቆማለች፤ እጠይቃለሁ፤ ትመልሳለች። ከስምንት ላይ ሦስት ሲነሣ ስንት ይቀራል? ከተሳሳተች እዚያው አርማታለሁ። ስህተት ካደረ ሥር ይሰዳል ብዬ አምናለሁ፤ ዛሬም ይህን ሙሉ በሙሉ አልተውኩትም። መጀመሪያ እያመነታች ትመልስ ነበር። ቆይቶ በሹክሹክታ ሆነ። በኋላ የእግሯን ጣቶች ማየት አመጣች። መምህሯ በጠራችኝ ሰሞን «ስንት» የሚለው ቃል ገና ከአፌ ሲወጣ ከንፈሯ ይገጥማል። ስንፍና ነው አልኩ። ባለቤቴ «ፈርታህ ነው» ስትለኝ፣ አባትን መፍራት ደግሞ ከመቼ ወዲህ ጥፋት ሆነ ብዬ መለስኩላት።

በዚያው ሰሞን የባለቤቴ አባት ለልብ ሕክምና ከትግራይ መጡ። ሰፊ ግቢ የለመዱ ሰው ናቸው። የእኛ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ስለሆነና ደረጃው ትንፋሽ ስለሚያሳጥራቸው፣ ሆስፒታል ካልሄዱ በስተቀር አይወርዱም። አንድ ጠዋት ለሥራ ስወጣ ጠሩኝ።

«ልጄ፣ ሕንፃ በምትሠሩበት ቦታ መቼም ጠጠር አይጠፋም።»

«ሞልቷል አባባ። ለምን ፈለጉት?»

«አንድ ሁለት እፍኝ አምጣልኝ። መጠኑ ተቀራራቢ የሆነውን ምረጥ።»

ለባህል መድኃኒት የፈለጉት መስሎኝ መርጬ አመጣሁ። በነጋታው ከሥራ ስመለስ እሳቸውና ልጄ በረንዳው ላይ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። በመካከላቸው የእንቁላል ካርቶን አለ፤ ሁለት ረድፍ፣ በየረድፉ ስድስት ጉድጓድ እንዲኖረው አድርገው ቆርጠውታል። በየጉድጓዱ አራት አራት ጠጠር ጨምረው ገበጣ ይጫወታሉ። ከአንዱ ጉድጓድ ያለውን ጠጠር በሙሉ አንሥቶ፣ ቀጥለው ባሉት ጉድጓዶች ላይ አንድ አንድ እየጣሉ መዞር ነው። እኔም ልጅ ሆኜ መሬት ቆፍሬ ተጫውቼዋለሁ፤ ረስቼው ነበር።

«አንቺ ሽፍታ፣ ጎተራዬን ባዶ አስቀረሽው» ይሏታል።

«አባባ ደግሞ ሲሸነፉ ያለቅሳሉ።»

«አላለቅስም፤ ጢስ ገብቶብኝ ነው። ለመሆኑ ስንት ቀረኝ?»

«ራስዎ ይቁጠሩ።»

«አንቺ ንገሪኝ፤ ዓይኔ ደክሟል።»

«ሰባት» አለች። «የኔ ደግሞ አሥራ ስድስት። አይ፣ ይቺ አለች። አሥራ ሰባት።»

ጫማዬን በእጄ እንደያዝኩ በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ያን ያህል ቁጥር ከአፏ ሲወጣ ከሰማሁ ቆይቻለሁ። ቀና ብላ ስታየኝ እጇ ጠጠሩ ላይ ቆመ፤ ጨዋታው አበቃ።

ልጅቷ ከሄደች በኋላ «አባባ፣ ይህቺ ልጅ ፈተና አለባት» አልኳቸው።

«ነግራኛለች።»

«ጨዋታ ጊዜዋን እንዳይበላው ብዬ ነው።»

«እኔም ጊዜ የለኝም» አሉና ሳቁ፤ ሳቃቸውን ሳል አቋረጠው። «ያለችኝን ከሷ ጋር ልብላት።»

ሽማግሌ አይከለከልም። ተውኩ። ለብዙ ቀን ከውስጥ ሆኜ አዳመጥኳቸው። የሚደምሩና የሚቀንሱ መሆናቸውን ሳያውቁት ይደምራሉ፣ ይቀንሳሉ። ልጄ እሳቸው ፊት የማትናገረው ቁጥር የለም፤ እኔ ፊት የምትናገረው ቁጥር የለም። እንግዲያው በጨዋታ ከሆነ እኔም በጨዋታ አደርገዋለሁ፣ ያውም በሥርዓቱ ብዬ፣ ከመገናኛ አስፋልት ዳር እባብና መሰላል የሚባለውን ሰሌዳ ከነዳይሱ ገዝቼ መጣሁ። ከአንድ እስከ መቶ ቁጥር የተጻፈበት ስለሆነ ከገበጣው ይልቅ ትምህርት መሰለኝ።

እሁድ ከቅዳሴ መልስ እኔ፣ እሷና ታላቅ ወንድሟ ተቀመጥን። አባባ ሶፋው ላይ ጋደም ብለዋል። ዳይሱ አራት ወጣላት። ጠጠሯ አሥራ ሁለት ላይ ነበረች። ጣቷን እዚያው አሥራ ሁለት ላይ አድርጋ በልቧ አንድ አለች መሰለኝ፤ አሥራ አምስት ላይ ደርሳ ቆመች።

«አሥራ ስድስት ነው» አልኳት። «እንደገና።»

እንደገና አሥራ አምስት ላይ ቆመች።

«ሚጢ ሁልጊዜ አንድ ትሰርቃለች» አለ ወንድሟ። «ደግሞ የምትሰርቀው ከራሷ ነው። እንዲህ ዓይነት ሌባ አይቼ አላውቅም።»

ሜትሩን ከወገቤ አውጥቼ ሰሌዳው ላይ ዘረጋሁት። «ይኸው፤ ሜትር ከዜሮ ነው የሚነሣው። የቆምሽበት ዜሮ ነው። የቆመበትን አንድ ብሎ የሚጀምር ሰው መስኮት አይሠራም።» ስድስት ዓመት ላልሞላት ልጅ ይህን ነው ያልኳት። ዳይሱን ቀስ አድርጋ ሰሌዳው መካከል አስቀመጠችው፤ ተነሥታም ከአያቷ እግር ሥር ሄዳ ተቀመጠች። አልጠራኋትም። እሳቸውም ራሷን ዳበሷት። ከዚያን ቀን በኋላ ሰሌዳው ቁም ሣጥን ላይ ወጣ።

ትንሽ ቆይቶ አባባ ሕመሙ ጸናባቸውና ሆስፒታል ሊተኙ ሆነ። ረቡዕ ጠዋት ነበር። ወንድሟና እኔ ግራና ቀኝ ደግፈናቸው ደረጃው ጫፍ ላይ ስንደርስ፣ ልጅቷ ነጠላቸውን ያዘች።

«መቼ ይመጣሉ?»

«የዛሬ ስምንት» አሏት።

ነጠላውን ሳትለቅ በሌላው እጇ ጣቶቿን ማጠፍ ጀመረች። «ዛሬ፣ ሐሙስ፣ ዓርብ፣ ቅዳሜ፣ እሁድ፣ ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ። ረቡዕ ነው» አለች።

«ረቡዕ ነው። ጎበዝ።»

በተናገሩት ቀን መጡ። ረቡዕ ንጋት ላይ ዐረፉ፤ አስከሬናቸውን ይዘን ስንገባ ዕድሩ ግቢው ውስጥ ድንኳን እየጣለ ነበር። ልጅቷ ከፎቅ መስኮት ምን እንዳየች አላውቅም። ከቀብር ስንመለስ ቤቱ በሰው ሞልቷል። ልብስ ልቀይር ወደ መኝታ ቤት ስገባ ወንበር ላይ ቆማ እባብና መሰላሉን ከቁም ሣጥኑ ላይ ስታወርድ አገኘኋት። ያ ጨዋታ የዛሬ ሥራ አይደለም ልላት አፌን ከፈትኩ። እሷ ግን አልተጫወተችም። ሰሌዳውን አልጋዋ ሥር ዘረጋች፤ ከገበጣው አንዲት ጠጠር አውጥታ ቁጥር አንድ ላይ አስቀመጠችና ወጣች።

ዓርብ ሣልስት ነበር። ጠጠሯ ሦስት ላይ ነበረች።

ከዚያ በኋላ በየማለዳው፣ ፊቷን ሳትታጠብ በፊት አንድ ቤት ታራምዳታለች። ባለቤቴ ታውቃለች፤ እያየች ታልፋለች። አንድ ቀን ጠጠሯ መሰላል የሚነሣበት ቤት ላይ ስትደርስ ወንድሟ አየ።

«ሚጢ፣ መሰላል ደርሶሻል፤ ውጪ እንጂ።»

«ይሄ ጨዋታ አይደለም» አለችው።

ልጁ ተረበኛ ነው፤ ያን ጊዜ ግን ሰሌዳውን ሳይነካ ዞሮ አለፈ። በሌላ ቀን ገበጣ እንጫወት ብሎ ለመናት። ጠጠር ጎድሏል አለችው። ሌላ ጠጠር ላምጣ አላት። አይሆንም አለች።

የማታው ጥናት በሐዘኑ ምክንያት ቀርቷል። እኔ ግን ሰኔ መግባቱን አልረሳሁም። ባለቤቴ ጥቁር ለብሳ ጥግ ይዛ ስትቀመጥ፣ ልጄ ቁጥር የተናገረችለት ሰው እንደሄደና ከእንግዲህ ለማን እንደምትናገር አስብ ነበር። ልጅ ለአንድ ሰው ብቻ የሚገልጠው ዕውቀት ያ ሰው ሲሞት ይዘጋበታል። ይህን ፈራሁ። የሚያስከፍተውን ግን አላወቅሁም፤ መጠየቅ እንጂ ሌላ መሣሪያ አልነበረኝም።

የአርባቸውን ነገር የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ጊዜው ጾም ስለነበር ድግሱ ቀላል ነው፤ ዋናው ቀኑን ለዘመድና ለዕድሩ መንገር፣ ለቤተ ክርስቲያን ማሳወቅ ነው። የግድግዳውን ካላንደር አውርጄ፣ ካረፉ ማግሥት ጀምሬ በእርሳስ ነጥብ እያደረግሁ ቆጠርኩ። ሰኞ ላይ ዋለ። እሁድ ከሰዓት በኋላ ሶፋው ላይ ተቀምጬ ስልክ መደወል ያዝኩ። «የሚመጣው ሳይሆን የሚቀጥለው ሰኞ ነው፤ የሥራ ቀን ሆነባችሁ፤ ምን ይደረግ» እያልኩ ስድስት ሰባት ሰው እንደነገርኩ፣ ከወለሉ ላይ ድምፅ ሰማሁ።

«እሁድ ነው።»

ስልኩን ከጆሮዬ አወረድኩ። ልጄ ምንጣፉ ላይ ተቀምጣ እያየችኝ ነው።

«ምን አልሽ?»

ከንፈሯ ገጠመ። ያንን ፊት አውቀዋለሁ። ልማዴ ቢሆን «ተናገሪ እንጂ» እላለሁ፤ ወይም ካላንደሩን አሳያታለሁ። ባለቤቴ ከጥጓ ቀና ብላ አየችኝና ጣቷን አፏ ላይ አደረገች። መጠበቅ የማልችል ሰው ነኝ፤ ያን ጊዜ ግን ጠበቅሁ።

ልጅቷ ተነሥታ ሄደች። ሰሌዳውን ጠጠሯ እንዳትንሸራተት በሁለት እጇ ይዛ፣ ውኃ እንደ ሞላው ሣህን እያየች መጥታ ጉልበቴ ላይ አኖረችው። ጠጠሯ ሠላሳ ሦስት ላይ ነበረች።

«አባባ የሞቱት ቁጥር አንድ ላይ ነው» አለች።

ከዚያ ጣቷን ሠላሳ ሦስት ላይ አደረገች። ድምፅዋ መጀመሪያ አይሰማም ነበር፤ ቁጥሩ ከፍ ሲል እሷም ከፍ አለች። «ዛሬ እሁድ ሠላሳ ሦስት። ሰኞ ሠላሳ አራት። ማክሰኞ ሠላሳ አምስት። ረቡዕ፣ ሐሙስ፣ ዓርብ፣ ቅዳሜ ሠላሳ ዘጠኝ። እሁድ አርባ።» ቀና ብላ አየችኝ። «የዛሬ ስምንት ነው።»

ካላንደሩን አነሣሁ። ካረፉበት ረቡዕ ላይ ነጥብ አልነበረም። እዚያ ላይ አንድ ነጥብ ጨመርኩና እንደገና ቆጠርኩ። ሣልስት የወጣነው ዓርብ ነው፤ ረቡዕ ራሱ ካልተቆጠረ ዓርብ ሦስተኛ ቀን አይሆንም። ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ሐዘን ሁሉ የሚቆጠረው እንዲህ ነው። እኔ ግን አርባውን እንደ መስኮት ለክቼው ነበር።

ባለቤቴ ለንስሐ አባታችን ደወለች። «እሁድ ነው ልጄ፤ እኔ እኮ እሁድ ብዬ ይዤዋለሁ» ሲሉ ከስልኩ ተሰማኝ። ስልኩን ዘጋችና ልጅቷን ጎትታ ጥቁር ቀሚሷ ውስጥ ሸሸገቻት። ካረፉ ወዲህ አልቅሳ የወጣላት ያን ቀን ይመስለኛል። እኔም ለነገርኳቸው ሁሉ ደውዬ ተሳስቼ ነው አልኩ። የዕድሩ ሊቀ መንበር «ተመስገን፤ ሰኞ ሥራ አለብኝ፤ እንዴት ልንገረው ብዬ ስጨነቅ ነበር» አሉኝ።

በዚያ ሳምንት ነገሩን አውጥቼ አውርጄ አሰብኩበት። ልጄ ሰሌዳው ላይ የቆመችበትን ቤት አንድ ብላ የምትጀምረው ሰንፋ አልነበረም። በቤታችን የሚቆጠረውን ሰምታ ነው። የዛሬ ስምንት ስንል ዛሬን ከነነፍሱ እንቆጥረዋለን፤ አሥራ አምስት ቀን ስንልም እንደዚያው ነው። ሰምታ የያዘችውን እኔ ስህተት አልኩባት፤ ለምን እንደሆነ ግን አልነገርኳትም። ሰው ትክክል ነው ብሎ የያዘውን ምክንያቱን ሳትነግረው ስትነጥቀው ዝም ይላል። ልጅም ሰው ነው።

አርባው በእሁዱ ወጣ። በነጋታው ሰሌዳውን ጠጠሯን ሳላነቃንቅ ራሴ ከአልጋዋ ሥር አወጣሁና ጠራኋት።

«ቀን ስትቆጥሪ ዛሬም ቀን ነው፤ ሰው ይኖርበታል። ስለዚህ ይቆጠራል» አልኳት። «እርምጃ ስትቆጥሪ ግን የቆምሽበት ቦታ ገና እርምጃ አይደለም። እግርሽን ስታነሺ ነው አንድ የምትዪው። ሁለቱም ልክ ነው፤ የምትቆጥሪው ነገር ይለያያል እንጂ።»

አሰበች። ተነሥታ ምንጣፉ ላይ አንድ ጊዜ ተራመደች። «አንድ» አለች። ወደ ኋላዋ ዞራ የተነሣችበትን ቦታ አየች።

«ገበጣ ላይ ግን አልሳሳትም» አለችኝ።

«ለምን ይመስልሻል?»

«ያነሣሁበት ቤት ባዶ ነዋ። ምኑን እቆጥረዋለሁ?»

ይህን እኔ አላሰብኩትም ነበር። ይህንኑም ነገርኳት።

የፈተናው ቀን ከሥራ ቀርቼ ወሰድኳት። ወላጆች ኮሪደሩ ላይ ቆመን እንጠብቃለን፤ በሩ ገርበብ ብሏል። ተራዋ ደርሶ ስትገባ እኔን አላየችኝም። መምህሯ ስትጠይቅ ይሰማኛል፤ መልሱ ግን አንዳንዴ ቀጭን ሆኖ ይመጣል፣ አንዳንዴ አይመጣም። ሁለት ጥያቄ ላይ ዝም አለች። እጄ ሜትሩን ጨብጦ ነበር።

«እሺ» አለች መምህሯ። «ዛሬ ሰኞ ነው። ሌላው ሰኞ እስኪመጣ ስንት ቀን ነው?»

ዓይኔን ጨፈንኩ።

«ሚስ፣ ዛሬን እንቁጠራት ወይስ እንተዋት?»

«እንዴት ማለትሽ ነው?»

«ከቆጠርናት ስምንት ነው። ከተውናት ሰባት።»

ወንበር ሲንቀሳቀስ ሰማሁ። «እንተዋት» አለች በመጨረሻ፣ ቀስ ብላ።

«እንግዲያው ሰባት።»

ሁሉንም አልመለሰችም፤ አለፈች ግን። መምህሯ በሩ ላይ ስትነግረኝ «ምን አድርገው ነው ያስጠኗት?» አለችኝ። አያቷ ናቸው አልኳት። ወደ ቤት በእግራችን ስንሄድ ልጄን አላወደስኳትም። አልለመደብኝም፤ ምን እንደሚባልም አላውቅም። ደብተሯን ግን እኔ ያዝኩላት።

ቤት ስንደርስ ጠጠሯ አሁንም አርባ ላይ ነበረች። አነሣቻት፤ መዳፏ ውስጥ ጥቂት አቆየቻትና የእንቁላል ካርቶኑን አውጥታ ከጎደለው ጉድጓድ ጨመረቻት። አራት አራት ሆነ። ካርቶኑን በረንዳው ላይ አኖረችና አያቷ ይቀመጡበት ከነበረው ቦታ ትይዩ ተቀመጠች። አልጠራችኝም። እኔም ሳልጠራ ሄጄ ከፊቷ ተቀመጥኩ።

አሸነፈችኝ። አውቄ አልተሸነፍኩላትም፤ እንደዚያ ዓይነት አባት አይደለሁም። በእኔ በኩል ያለው ረድፍ እየሳሳ ሲሄድ፣ አንገቷን ሳታቀና «አባዬ፣ ስንት ቀረህ?» አለችኝ።

ይህን ቃል እኔ ነበርኩ የምጠይቃት።

«አንቺ ንገሪኝ» አልኳት።

«ሦስት» አለች፣ ጣቷን ሳታነሣ።